ከሶፋዋ ላይ ስለተሰረዘችው እናቴ፣ ለቤት ሻጩ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ

ለተከበሩ የቤት ሽያጭ ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ በማስታወቂያዎ ላይ እንደሚታዩት ቤቶች ሰፊ፣ ብርሃን የሞላበትና እንከን የማይወጣለት እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከዳቦ ቤት ፊት ለፊት ከእናቴ ጋር የምኖር፣ ጠባብ ፎቶ ቤት ያለችኝ ፎቶግራፍ አንሺ ነኝ። እስካለፈው ወር ድረስ ራሴን እንደ ጨዋ ሰው እቆጥር ነበር። የሕግ ክፍልዎ በላከልኝ ማስጠንቀቂያ የገዛ ፎቶዬን የሰረቅሁ ሌባ መሆኔን ስለተረዳሁ ግን፣ በጽሑፍ የተከሰሰ ሰው በጽሑፍ መመለስ አለበትና ይህን ጻፍኩ።

ሥራ ስለሚበዛብዎት ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሳሎናችንን ሞልታው ሳለ እናቴ ሶፋው ላይ ጋደም ባለችበት እንቅልፍ ወሰዳት። አንዱ ነጠላ ጫማዋ ወድቋል፤ ከሶፋው በላይ ያለው ትልቅ መስታወት ፊቷን ያሳያል፤ በመስኮቱ የዳቦ ቤቱ ቢጫ በር ይታያል። እንዳትነቃ በእግሬ ጣት እየሄድኩ ፎቶ አነሣኋት። ከሥራዎቼ ሁሉ የምወደው እሱን ስለሆነ በፎቶ ቤቴ መስኮት ሰቀልኩት፤ በኢንተርኔት ገጼም ላይ ለጠፍኩት። ድርጅትዎ እዚያ አየው፣ ወደደው፣ ወሰደው፣ ዓርማውን ለጠፈበት። ለመጠየቅ ጊዜ እንዳላገኘ ይገባኛል።

እንግዲህ ምስጋናዬንና ቅሬታዬን፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ ለእርስዎ ማስተዋል ትቼ፣ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ እኔ አንዲት ሳሎን ለማግኘት አሳሬን በልቻለሁ፤ እርስዎ ግን ያችኑ ሳሎን በየሰፈሩ አባዙልኝ። አንዴ የቅንጡ አፓርታማ ሳሎን፣ አንዴ የቪላ እንግዳ መቀበያ፣ አሁን ደግሞ ገና ሊሠራ በታሰበ ሕንፃ ላይ “ተጠናቆ ለመግባት ዝግጁ” የሆነ ቤት ሆናለች። ይህን የመጨረሻውን ሄጄ አየሁት። ዝናብ ያቆረበት ጉድጓድ ነው፤ እንቁራሪቶች ቀድመው ገብተውበታል። ሳሎኔ በየት በኩል እንደሆነች ዘበኛውን ብጠይቀው፣ እሱም እስክትመጣ እየጠበቀ መሆኑን በትሕትና ነገረኝ።

ሁለተኛ፦ ባለሙያዎችዎ እናቴን ከሶፋው ላይ ሰርዘዋታል። ቤት ገዢ የተኛ ሰው ማየት አይወድ ይሆናል፣ ይሁን። ግን እንዲህ ያለ የግብር ይውጣ ሥራ ምን ይሉታል? እናቴን ሲሰርዙ እግሯን ረስተውታል፤ ከትራሱ መሃል ካልሲ ያጠለቀ እግር ብቻውን ወጥቷል። መስታወቱንም ስላልነኩት ሶፋው ባዶ ሆኖ ሳለ መስታወቱ ውስጥ አንዲት አሮጊት ለጥ ብለው ተኝተዋል። ቤቱ ሰይጣን አለበት እየተባለ ነው። አንድ ደንበኛ እግሩ ከቤቱ ጋር አብሮ ይሸጥ እንደሆነ ማስታወቂያው ሥር ጽፎ ቢጠይቅ፣ የድርጅትዎ መልስ የሚታየው ዕቃ ሁሉ እንደሚካተት የሚያረጋግጥ ነበር። እኔም እናቴም አንብበነዋል፤ እጅግ አድርገን እናመሰግናለን።

ሦስተኛ፦ የሕግ ክፍልዎ በፎቶ ቤቴ መስኮት ላይ ያለውን ፎቶ አይቶ ኖሯል፤ ባለቤትነቱ የድርጅታችሁ የሆነውን ምስል ያለፈቃድ ከመጠቀሜም በላይ “ማንነታቸው ያልታወቀ ሴት” ጨምሬበታለሁና በአስቸኳይ እንዳወርደው፣ አለዚያ በቅጂ መብት እንደምጠየቅ አስጠንቅቆኛል። እኔ ደግሞ ፎቶ ያነሣው ሰው ይመስለኝ ነበር ባለመብቱ። ለካ ዓርማ የለጠፈበት ኖሯል! እንደዚያ ከሆነ የፎቶ ቤቴን ማኅተም ይዤ ቢሮዎ ብቅ ብል ወንበርዎን ስለሚለቁልኝ፣ የሚመችዎትን ቀን ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል።

አራተኛ ቅሬታም ነበረኝ፤ ነገር ግን አሁንም በር ተንኳኳ። እሱ ራሱ አራተኛ ይሁንልኝ። የዳቦ ቤቱን ቢጫ በር የሚያውቅ ሁሉ ቤት ሊያይ እየመጣ ነው። ዘመዶቻችን ሳንነግራቸው ልንሸጥ የተነሣን መስሏቸው አኩርፈዋል።

ክቡር ሆይ፣ ቀልዱ እዚህ ላይ ያልቅብኛል። ያንን ማስጠንቀቂያ ጠረጴዛ ላይ ትቼው እናቴ አነበበችው። ከዚያ ወዲህ ሶፋው ላይ ተኝታ አታውቅም። ሳሎኑን የማበላሸው እኔ ነኝ መሰለኝ እያለች፣ ኩሽና ገብታ ደረቅ ወንበር ላይ ግድግዳ ተደግፋ ታንቀላፋለች። ብለምናት እምቢ፣ ብቆጣት እምቢ። ወልዳ ያሳደገችኝ ሴት በገዛ ቤቷ እንደ እንግዳ ስትሽቆጠቆጥ ማየት አንጀቴን አሳርሮታል።

ስለዚህ ካሣ አልጠይቅም። ፎቶውን ከየማስታወቂያዎ ያውርዱልኝ፤ ለእናቴም ሶፋው የእሷ መሆኑን የሚገልጽ፣ ይቅርታ ያለበት ደብዳቤ ይጻፉላት። የእኔን ግን ከመስኮቴ አላወርድም። መክሰስ ካሻዎት እንግዲህ ይክሰሱ፤ እግሩን እኔ ከነባለቤቱ ይዤ እቀርባለሁ።

በሰው ንብረት ላይ ስላለዎት ወሰን የለሽ ፍቅር ባርኔጣዬን አንሥቼ፣ ጉድጓድዎ እስኪደርቅ ዕድሜና ትዕግሥት እየተመኘሁልዎ፣

የራሱን ፎቶ የሰረቀው፣
ማንነታቸው ያልታወቀው ሴት የታወቀ ልጅ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን ልልከው ስል እንደገና በር ተንኳኳ። የመጡት የእርስዎ እናት ነበሩ። ለካ እርስዎ ከዚያ ጉድጓድ ላይ ቤት እንደሚሰጧቸው ቃል ገብተው፣ ይህንኑ ፎቶ አሳይተዋቸው፣ ልየው ባሉ ቁጥር ቀለም እየተቀባ ነው ይሏቸው ኖሯል። እሳቸውም ቢሰለቻቸው በቢጫው በር ምልክት ራሳቸው ፈልገው መጡ። ሁሉንም ነገርናቸው። ስለ እርስዎ ያሉትን እዚህ አልጽፈውም፤ እናት ናቸው፣ መብታቸው ነው። ከዚያ የእኔን እናት እጇን ይዘው ከኩሽና አወጧት፤ ሶፋው ላይ ጎን ለጎን ሆነው እርስዎን ሲያሙ ሲያሙ ሁለቱንም እንቅልፍ ወሰዳቸው። እኔም ፎቶ አነሣኋቸው። ፎቶው አሁን መስኮቴ ላይ ነው። ለማስታወቂያ ካማረዎት ፈቃድ ይጠይቁኝ፤ ክፉ ሰው አይደለሁም። ከሁለቱ አንዷን መሰረዝ ካስፈለገ ግን፣ የትኛዋን እንደሆነ በፊርማዎ አረጋግጠው ያሳውቁኝ።