ቅጠሉን ያላየህለት አበባ

ውድ ደረሰ፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ በሌላ ቃል ሲጀመር ስላላየሁ ነው፤ ሌላ ነገር እንዳይመስልህ። ሽማግሌ ልላክ ወይ ብለህ በሰው አስጠይቀኸኛል። መልሴ ይኸው።

የዚያን የጫካ አበባ ፎቶ ከቡሬ ስትልክልኝ ምን አልኩህ? ፍኖተ ሰላም ባዮሎጂ ሳስተምር የምውል ሰው ነኝና «አበባው ብቻውን አይበቃም፤ ቅጠሉንም አንሥተህ ላክልኝ» አልኩህ። አንተ ግን ስልክህ ፎቶውን አይቶ «የሊሊ አበባ ዘመድ» ስላለህ ሊቅ ሆንክ። «ሽንኩርትም የሊሊ ዘመድ ነው፤ እንበላው የለ እንዴ?» ብለህ ሣቅህብኝ። በዘመድ ቢሆንማ የወንድምህ ጨዋነት ለአንተም በተረፈህ ነበር።

በማግስቱ ሥሩን ቆፍረህ፣ እኔ ትምህርት ቤት ሳለሁ ቤታችን መጥተህ «ለጉልበትዎ ፍቱን ነው» እያልክ ለእናቴ አፍልተህ አቀረብክላት። ሽታው አላማራትም ነበር። ግን አማች ሊሆን የመጣ ሰው በእጁ የሰጠውን እንዴት ትመልሰው? «እግዜር ይስጥልኝ ልጄ» ብላ ጨለጠችው።

ትውከትና ተቅማጥ አጣድፏት ጎረቤታችን ቻይነሽ ሆስፒታል አደረሰቻት። አንተም ተከትለህ ሄድክ። ሐኪሙ «ምን ወስደው ነበር?» ሲላት፣ አንተን እንዳታሳፍር ብላ «ያደረ ወጥ በልቼ ነው» አለች። አንተ አጠገቧ ቆመህ ጣሪያ ጣሪያ ታያለህ! እናቴ እየሞተች አፍህን ዘጋህ። ስታፈላ አይታህ ኖሮ እውነቱን አውጥታ ያዳነቻት ቻይነሽ ናት፤ ለእኔም የነገረችኝ እሷው ናት።

ትንሽ ሲሻላት ጫካው ድረስ ሄጄ አበባውን አየሁት። የሚያምርስ ያምራል፤ ቀይና ቢጫው ወደ ላይ ተቀልብሶ እንደ እሳት ቆሟል። የያንዳንዱ ቅጠል ጫፍ ደግሞ ተጠምዝዞ አጠገቡ ያለውን ቁጥቋጦ ጨብጧል። ሊሊ ነው ከተባለው ሁሉ የሚለየው ይኸው ነው፤ ሥሩም መርዝ ነው። ዓይን ላለው ሰው አንድ ጊዜ ጎንበስ ማለት ይበቃው ነበር።

የእናቴ ፀጉር አሁን በመርዙ ሳቢያ በእፍኝ ይረግፋል፤ ሻሿን ቤት ውስጥም አታወልቅም። እንዲያም ሆኖ «ተይው ልጄ፣ ለደግ ብሎ ነው፤ ሰው ፊት አታዋርጅው» ትለኛለች። ሥሩን ስትቆፍር ለደግ ብለህ ይሆናል። ሆስፒታል ውስጥ ዝም ስትል ግን ለማን ብለህ ነው? ንቄሃለሁ ደረሰ። ሰው እንዲህ የምንቅ አይመስለኝም ነበር።

ሽማግሌ ብትልክ እናቴ «ኧረ ግቡ፣ ግቡ» ማለቷ እንደማይቀር ታውቃለህ፤ የምትተማመነውም በዚያ ነው። በሩ ላይ የምቆመው ግን እኔ ነኝ።

ሠርክአዲስ