ሠላሳ አንዱን ስውር ድንጋይ ያስጮኹልን ወይዘሮ ሚዮኮ ኡራታ

ለኦኪሴ ደሴት ዓሣ አጥማጆች ማኅበር አባላት፣ ለቤተሰቦቻቸውና ለደሴቱ ሕዝብ በሙሉ

ሰማንያ ሦስት ዓመቴ ነው። ጀልባዬን ራሴ አስነሣለሁ፤ መረቤን ያለ መነጽር እጠግናለሁ፤ ባለቤቴ ፉሳ ካረፈች ወዲህ ሩዜንም ራሴ እቀቅላለሁ፣ አሳርሬ አላውቅም። የማኅበሩ ጸሐፊ ታዳኦሚ "ሊቀመንበር፣ እኔ ልጻፈውና እርስዎ ይፈርሙ" ብሎኝ ነበር። ሰው በጻፈው ላይ ፈርሜ አላውቅም። ፊደሉ ቢንጋደድም የእጄ ነው፤ ቃሉ ግን የማኅበሩ ነው።

ማኅበራችን የሬዲዮ ክፍሉ ኃላፊ የነበሩት ወይዘሮ ሚዮኮ ኡራታ ባደረባቸው ሕመም በሰባ አንድ ዓመታቸው እ.ኤ.አ. ግንቦት 14 ቀን 2019 ማለዳ ማረፋቸውን የሚገልጸው በከባድ ሐዘን ነው። ያን ቀን ጠዋት የአየሩን ሁኔታ በሬዲዮ ሌላ ሰው ሲያነበው ሃያ ሁለቱም ጀልባዎች ከወደብ አልወጡም። ማንም አላዘዘም። ሞተራቸውን አጥፍተው ቆሙ።

ወይዘሮ ሚዮኮ ሥራ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ነፋሱንና ማዕበሉን ሲነግሩን፣ በመጨረሻም ከሆስፒታል አልጋቸው በስልክ፣ ከወሊዳቸው ዘጠኝ ቀን በቀር አንድ ጠዋት አልቀሩም። ልጃቸውን በወለዱ በአሥረኛው ቀን ሬዲዮው ላይ ሁለት ድምፅ ሰምተናል።

በ1996 የጂፒኤስ መሣሪያ ወደ ደሴታችን ገባ። እንግዲህ የእኛን ነገር ሁላችንም እናውቀዋለን። የዓሣ ቦታችንን የምናገኘው በባሕሩ ላይ ሆነን የምድሩን ምልክት ሁለት ሁለቱን በማጋጠም ነው፤ ጥዱ ጣሪያው ላይ ሲቀመጥ፣ ማማው ከኮረብታው ጫፍ ጋር ሲገናኝ። ይህ የየቤቱ ምስጢር ነው። ወንድም ወንድሙን ይዋሻል። ለሚስት ብቻ ይነገራል፤ እሱም ሰውየው ሳይመለስ ቢቀር የት እንደሚፈለግ እንድታውቅ ነው። ዓሣ ያለው ደግሞ ከውሃ በታች ስውር ድንጋይ ባለበት ነው። ስለዚህ መሣሪያው ሲመጣ ስክሪናችንን ጎረቤት እንዳያይብን ብለን ድንጋዮቹን በሐሰት ቦታ መዘገብናቸው። ማሽኑንም ዋሸነው።

ወይዘሮ ሚዮኮ መመሪያውን በቃላቸው ይዘው ከጀልባ ጀልባ እየዞሩ ማንቂያውን አስተማሩን። ወደ ቦታችን ስንቀርብ የሚጮኸውን፣ ከመስመር ስንወጣ የሚጮኸውን፣ መልሕቅ ሲከዳ የሚጮኸውን፣ ወደ ድንጋይ ስንጠጋ የሚጮኸውን። እኔ ጋ ሲደርሱ፦

"ጋሼ ገንዞ፣ ይሄ ሲጮህ ምን ያደርጋሉ?"

"አጠፋዋለሁ።"

"እትዬ ፉሳ ሲጮሁብዎትስ?"

"ለእሷማ ማጥፊያ ቁልፍ አልተሠራላትም!"

ወደቡ በሙሉ ሳቀ። እኔም በማግስቱ ድምፅ ማውጫው ቀዳዳ ላይ ጨርቅ ወተፍኩበት።

በ2003 የካጂታኒ መንትዮች መልሕቅ ጥለው ከምሳ በኋላ ሲያንኮራፉ ነፋሱ ዞረ። ማንቂያውን በሠላሳ ሜትር ላይ የሞሉላቸው ወይዘሮ ሚዮኮ ነበሩ። ጮኸ፤ ነቁ፤ ጀልባዋ ከማዕበል መከላከያው ግንብ አንድ ቀዘፋ ሲቀራት ሞተሩን አስነሡ። ከመንትዮቹ ታላቅየው ወደብ ሲደርስ "ሚስት ባናገባም የሚጮህብን አላጣንም" አለ። ይኸው እስከ ዛሬ ይተረታል።

በ2011 ሰኔ የሆነውን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። አሁን ግን የማኅበሩ መዝገብ ውስጥ ይግባ። ጉሙ የጀልባዬን አፍንጫ እንኳ አያሳይም ነበር። "የበሬ ጀርባ" የምንለውን ድንጋይ እኔ ሦስት መቶ ሜትር ወደ ምሥራቅ አሽሽቼ መዝግቤዋለሁ፤ ልቤ ግን እውነተኛውን ቦታ ያውቃል ብዬ እመካ ነበር። ጉም ውስጥ ልብ ምን ያያል? ድንገት ማሽኑ በጨርቁ ውስጥ ጮኸ! ልዘጋው እጄን ስሰድ ስክሪኑ ላይ እኔ ያላስቀመጥኩት ቀይ ክብ አየሁ። ሞተሩን ወደኋላ አስጮኽኩት። ጀልባዋ ስትቆም ድንጋዩ ላይ የበቀለው የባሕር ሣር በእጄ የሚነካ ነበር። በእጄ!

ወደብ እንደገባሁ ሬዲዮ ክፍሉን በርግጄ ገባሁ።

"ማነው ጀልባዬ ላይ የወጣው?"

"እኔ ነኝ። ቦታውን እትዬ ፉሳ ከማረፋቸው በፊት ነግረውኛል።"

"ሚስቴ ምስጢሬን ሸጠችው?"

"ሸጠውስ እርስዎን ነው የገዙበት። ይቀመጡ፣ ሻይ ይጠጡ።"

ለካ ወይዘሮ ሚዮኮ ከ2005 ጀምሮ ከሚስቶቻችን ጋር እየተነጋገሩ የስውር ድንጋዮችን ካርታ ይሠሩ ኖሯል። ባሎች ሲዋሹ ሚስቶች እውነቱን አስመዘገቡ። ከሠላሳ ስምንቱ ድንጋይ ሠላሳ አንዱ ዛሬ በሁሉም ጀልባ ላይ በእውነተኛ ቦታው ይጮኻል። ይህን የሠራች አንዲት ሴት ናት፤ ያውም አንድም ቀን ከወደብ ሳትወጣ! በ2011 ጉም ስድስት ጀልባ ተላትሟል። ካርታው ከተሞላ ወዲህ አንድም የለም።

የቀሩት ሰባት ናቸው። ሦስቱ የእኔ ናቸው፤ ፉሳ የነገረቻቸው አንዱን ብቻ ነበርና። አራቱ የመንትዮቹ ናቸው፤ ሚስት የላቸውማ። ሆስፒታል ስጠይቃቸው ወይዘሮ ሚዮኮ ስለ ሕመማቸው አላወሩኝም። "ጋሼ፣ ሰኔ እየመጣ ነው" ብቻ አሉኝ። ዘንድሮ ከዋናው ምድር የመጡ አራት ጀልባዎች አሉን። ጥዱንም ማማውንም አያውቁም፤ የሚያውቁት ስክሪኑን ነው። ጉሙ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል።

በመሆኑም ማኅበሩ የሚከተለውን ወስኗል። ግንቦት 20 ቀን ጠዋት ሃያ ሁለቱም ጀልባዎች ብዙ ዓሣ ሲያዝ የምንሰቅለውን የደስታ ባንዲራ ሰቅለው ይወጣሉ። ባንዲራው ለሐዘን አይሆንም ያላችሁኝ አላችሁ፤ ለእሳቸው ይሆናል። ሁሉም የመድረሻ ማንቂያውን በ"የበሬ ጀርባ" ዙሪያ በሃምሳ ሜትር ላይ ይሞላል። ትናንት በሦስት ጀልባ ሞክረነው ሦስቱም አንድ ላይ ሲጮኹ ጠጉሬ ቆመ። ሃያ ሁለቱ ሲጮኹ እንግዲህ አስቡት! ማንም እንዳያጠፋው። የመታሰቢያው አበባ ባሕሩ ላይ እስኪጣል ይጩህ።

መንትዮች ሆይ፣ ለማን ነግራችሁ ልትሞቱ ነው? ያን ዕለት አራቱን ለታዳኦሚ ስጡት።

ማኅበሩ ለልጃቸው ለወይዘሮ ሺዙኖ፣ ለሬዲዮ ክፍሉ ባልደረቦችና ድምፃቸውን ሰምቶ ባሕር ለወጣ ሁሉ መጽናናትን ይመኛል።

እኔ በበኩሌ ያለብኝ ዕዳ ይህ ነው፤ ልጆቼ እንዳይነኩት፣ ራሴ እከፍለዋለሁ።

ሦስቱ ድንጋዮች። አንደኛው፣ የመቅደሱ ጥድ ከትምህርት ቤቱ ጣሪያ ላይ ሲቀመጥና የመብራት ማማው ከቀንድ ኮረብታ ጋር ሲገናኝ ነው። ሁለተኛው፣ ከዚያው መስመር የበረዶ ቤቱ ጭስ ማውጫ ከግንቡ ጫፍ ጋር እስኪገጥም ወደ ደቡብ። ሦስተኛውን በቃል ማስረዳት አልችልም፤ ታዳኦሚን ይዤው እሄዳለሁ።

ለፉሳ፣ ምስጢሬን ሸጠች ስላልኩ፣ መቃብሯ ላይ ይቅርታ።

ድምፅ ማውጫው ላይ የወተፍኩት ጨርቅ። እስካሁን እዚያው ነው። ዛሬ አወጣዋለሁ።

ለወይዘሮ ሚዮኮ አንድ ቀይ ዓሣ። ያን የጉም ዓመት "ከበሬ ጀርባ አንድ ይያዙልኝ" ብለውኝ፣ ከሌላ ቦታ ይዤ ከዚያ ነው ብዬ ሰጠኋቸው። የሙት መታሰቢያቸው አርባ ዘጠነኛ ቀን ሲደርስ ከበሬ ጀርባ ይዤ ሥዕላቸው ፊት አኖራለሁ። የት እንደያዝኩትም ለጠየቀኝ ሁሉ እናገራለሁ።

ገንዞ ሴቶጉቺ
የማኅበሩ ሊቀመንበር