ያልነጨሁት ፊቴ

እማዬ፣

ከተለየሽኝ አንድ ዓመት ከሦስት ሳምንት ሆነ። እስካሁን ያልጻፍኩልሽ ሙት ዓመትሽ ይለፍ ብዬ ነው። አንቺ ወሬ ተንጠልጥሎ ሲቀር አትወጂም፤ ግማሹን ብነግርሽ ትቆጪኛለሽ።

ቤታችን ደህና ነው። ወንድሜ ጌታቸው የአንኮበሩን ቤት ጣራ በቆርቆሮ ቀየረው፤ ዝናብ ሲመጣ እንደ ድሮው አያፈስም። እኔ ያው ደብረ ብርሃን ሱፍ ምንጣፍ ቤቱ ነኝ፤ ግን ከጓዳ ወጥቻለሁ። አሁን በር ላይ ቆሜ የምሸጠው እኔ ነኝ። መስታወትም ገዝቻለሁ፤ ያንን ቤታችን እንዳይገባ ከልክለሽ የኖርሽውን መስታወት፣ ያውም ትልቁን።

በዳዴ ስሄድ እሳት ውስጥ የወደቅኩት አንቺ ውሃ ልትቀጂ ወርደሽ ሳለ ነው። ለዚያች ቀን ራስሽን ይቅር ሳትዪ ሃያ ሰባት ዓመት ኖርሽ። ጠባሳው የግራ ዓይኔን የታች ሽፋን ወደ ጉንጬ ጎትቶ ስለያዘው ተኝቼም ዓይኔ አይከደንም ነበር። የአንኮበር ንፋስ ሲነካኝ እንባዬ ዝም ብሎ ይወርዳል፤ ብስቅም ባለቅስም ለሰው አንድ ነበር። አንቺ ግን ትለዪው ነበር። እርጥብ ጨርቅ ዓይኔ ላይ ሳታደርጊ ተኝተሽ አታውቂም።

አዲስ አበባ ሐኪሙ ጋ የሄድን ዕለት ያደረግሽውንማ እንዴት እረሳዋለሁ። ጠባሳውን ቆርጦ ሽፋኑን እንደሚያላቅቀው፣ በተከፈተውም ቦታ ከጆሮዬ ጀርባ የወሰደውን ቆዳ እንደሚሰፋ ሲያስረዳን ሻሽሽን ፈታ አድርገሽ ጆሮሽን ሰጠሽው፤ የእኔ እያለ የልጄን ለምን ትቆርጣለህ ብለሽ። የሌላ ሰው ቆዳ አይይዝም ቢልሽም እናቷ ነኝ እንጂ ሌላ ሰው አይደለሁም ብለሽ ተከራከርሽው። ፋሻው በተፈታ ማግስት ደግሞ ለጋ ቅቤ በቅጠል ጠቅልለሽ፣ ጉንጬን ልትቀቢኝ ደብቀሽ ስትገቢ ነርሷ ያዘችሽ። ከልክላ ስትቆጣሽ ከሚባክን ብለሽ ቅቤውን የራስሽን አናት ተቀባሽው። ክፍሉ ሦስት ቀን ቅቤ ቅቤ ሸተተ።

ከወራት በኋላ ጉንጬን በሌዘር አለሰለሱልኝ። ጨረሩ ጠባሳውን ጥቃቅን ነጥብ እያደረገ ይበሳዋል፤ ከዚያ ቆዳው ራሱ በአዲስ ይሞላል። ሐኪሙ ከፀሐይ ጠብቂው፣ ቢያሳክክሽም ጥፍር አታስነኪው፣ አሁን ከተቧጨረ ከድሮው የባሰ ጠባሳ ይሆናል ብሎ አስጠነቀቀኝ። ስንመለስ መኪናው ውስጥ ጆሮዬ ሥር ጠጋ ብለሽ፣ እኔ እንኳ ብሞት ፊትሽን እንዳትነጪ አልሽኝ። አንቺ ራስሽ በአባዬ ሞት የነጨሽው ምልክት በሁለቱም ጉንጮችሽ ላይ ነበር። እኔ የቀልድሽ መስሎኝ ሳቅኩ። በሦስተኛው ሳምንት ሳንባሽን አመመሽና በአራት ቀን ጥለሽኝ ሄድሽ።

የቀብርሽ ዕለት ዘመድ ሴቶች ሁሉ ፊታቸውን ነጭተው ደም በደም ሆነው ነበር። እኔ አንዲቷ ሴት ልጅሽ ግን ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ተከናንቤ፣ እጆቼን ብብቴ ውስጥ ወሽቄ ቆምኩ። መኪና ውስጥ ያልሽኝን ከእኔ በቀር የሰማ የለም፤ ብናገርስ ማን ያምነኛል? ታናሽ እህትሽ፣ አክስቴ ዘነቡ፣ እጄን ጎትታ ልታወጣው ታገለችኝ። እናቷ ዕድሜዋን ለዚህች ጨረሰች፣ ይኸው መልክ ስታገኝ ሬሳዋን ናቀች ተባልኩ። አልደብቅሽም፣ እጄ ሁለት ጊዜ ወደ ፊቴ ተነሥቷል። ነጭቼ ብገላገል ይቀለኝ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ መለስኩት። ዓይኔን ጨፍኜ፣ እስኪወጣልኝ ድረስ አለቀስኩልሽ።

አክስቴ ዓመቱን ሙሉ ሰላም አላለችኝም። በሙት ዓመትሽ ጠላ ሳቀርብላት ግን ቀና ብላ ብዙ አየችኝ። ጉንጬን በጣቷ ዳሰሰችው። ከዚያ ሁለቱንም ዓይንሽን ጨፍኚ አለችኝና ጨፈንኩላት። ስገልጥ እያለቀሰች ነው። የመኪናውን ነገር ያኔ ነገርኳት። ወዲያው ተነሥታ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ተናዘዘች፤ እኔ ስሞት ፊቱን የሚነጭ ልጄ አይደለም አለች። ቄሱም እኛ ፊት አትንጩ እያልን ስንት ዘመን የለፈለፍነውን ዛሬ ሰማችሁ ብለው መረቋት። አሸነፍን እማዬ! በሕይወትሽ አንድ ቀን በክርክር ረትተሻት የማታውቂያትን እህትሽን ረታናት። ደስ ይበልሽ፣ እኔም ደስ ብሎኛል።

ሰው እናቱ ስትሞት ለማስታወሻ ፊቱ ላይ ጠባሳ ያስቀራል። የእኔ ማስታወሻ ግን ያዳንሽው ፊቴ ነው። ጠዋት ስታጠበው አንቺን አስባለሁ፤ ማታ ዓይኔን ስከድን አንቺን አስባለሁ፤ ይህን አንድ ቀን አላጎድልም። ሌላ የማመጣልሽ ስጦታ የለኝም። አርጅቼበት፣ ተሸብሽቦ፣ ግን ጥፍር ሳይነካው ይዤልሽ እመጣለሁ።

ልጅሽ አስካለ