ጣዎስ ያለበት ሳጥን

ጉጅራንዋላ፣
ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023

ይድረስ ለልጄ ለሙነዛ፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ከእትዬ በሺራን ልጀምርልሽ፤ ካንቺ ከጀመርኩ ብዕሩ ወረቀቱን ይበሳዋል። ጉልበቷን ቀዶ ጥገና አድርጋ ተኝታለች። ሐኪሙ ስድስት ሳምንት ደረጃ እንዳትረግጪ ቢላት፣ በሦስተኛው ቀን ያሰጣችውን በርበሬ ልትሰበስብ ጣራው ላይ ወጥታ መውረድ አቃታትና ሰፈሩን በጩኸት ሰበሰበችው። አራት ሰው በገመድ አልጋ ተሸክሞ አወረዳት። ትልቋ ልጇም ሦስተኛ ወንድ ወለደች። ሴት ነበር የተመኘችው፣ ታለቅሳለች አሉኝና ሄጄ፣ "ተይ፣ አላህን አመስግኚ፣ ሴት ልጅ ምን ልታደርግልሽ" አልኳት። በሺራን ከአልጋዋ ሆና ሳቀች። እኔ የምሬን ነበር።

ይህን ደብዳቤ ያመጣልሽ የዚችው አራስ ባል፣ የጊልጊቱን አውቶብስ የሚነዳው ጉልፋም ነው። ስልክሽ ከሄድሽ ጀምሮ ሞቷል። የኛ ሲም ተራራው ውስጥ እንደማይሠራ ታውቂ ነበር፤ ለዚህ ነው እንዲያ ደረትሽን ነፍተሽ የወጣሽው። ደብዳቤ ግን አይዘጋም። አስቀድሜ ትእዛዜን ልስጥሽ፦ ጉልፋም በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ብረት ይሰጥሻል። ያንን ብረት ሞተርሳይክልሽ ላይ ሳታስገጥሚ ከጊልጊት አንድ ክንድ እንዳትንቀሳቀሺ። ምክንያቱን እደርስበታለሁ። አሁን መጀመሪያ ልቆጣሽ።

የአክስቴን ለቅሶ ልደርስ ሲያልኮት ሦስት ቀን ብቀመጥ ቤቴን ዘረፋችሁት። ስመለስ የሙሽራ ዕቃሽ ሳጥን ከነበረበት ጥግ አራት ጡብ ብቻ ተርፏል። ብርድ ልብሶቹ አልጋው ላይ ተደርድረው አንሶላ ለብሰዋል፣ ስኒዎቹ አንድ በአንድ በጋዜጣ ተጠቅልለዋል። በታትነሽው ብትሄጂ ይሻለኝ ነበር። እንዲያ አሳምረሽ ማስቀመጥሽ ተረጋግተሽ፣ ምናልባትም እያንጎራጎርሽ እንዳደረግሽው ነው የነገረኝ። ከላዩ ያቺ ወረቀትሽ፦ "አሚ፣ ሳጥኑ ያንቺ ነው ስትዪኝ አልነበር? ይዤው ሄድኩ።"

አዎ ብዬሻለሁ። ከስምንት ዓመትሽ ጀምሮ ግን የሞላሁት እኔ ነኝ። ያንን ጣዎስ የጭነት መኪና የሚቀባው ሰውዬ ሲስለው ቀኑን ሙሉ አጠገቡ ቆሜ፣ ዓይኑን ሁለት ጊዜ አስደግሜዋለሁ። የተገዛው ጎጆ ስትወጪ አራት ወንድ ተሸክሞት በበሬ እንዲወጣ ነው። መንገዱ ጥግ ያለው በያጅ ያቁብ ዘንድ ገብቶ ለሁለት ተቆርጦ፣ የሞተር የጎን ሳጥን እንዲሆን አይደለም።

ቁልፉ ደግሞ አልተሰበረም። ከወገቤ የማልለየውን መክፈቻ ለቅሶ ስሄድ የሰጠሁት ለአባትሽ ነው። ስጠይቀው ጋዜጣውን ገለጠ። ያንኑ አንድ ጋዜጣ እስከ አርብ ገለጠው። ከዚያ ወዲህ አናወራም። ሳህኑን አስቀምጥለትና እሄዳለሁ። ጨው ሲያንሰው ዝም ብሎ ይበላል። ይብላ።

አርብ ምን ቀን እንደነበር ረስቼዋለሁ እንዳትዪኝ። የእጮኛሽ አክስት ከሁለት ሴቶች ጋር ከወዚራባድ የሙሽራ ዕቃ ሊያዩ የሚመጡበት ቀን ነበር። ምን ላድርግ፣ ያለውን ሁሉ በሁለት አልጋ ላይ ዘረጋሁ። ሳጥኑን ከጠየቁኝ ቀለሙን እያሳደስኩ ነው እላለሁ ብዬ ውሸቴን አዘጋጀሁ፤ ሲያልኮት ለቅሶ ላይ ከተቀመጥኩ ገና በሳምንቱ። ሴትዮዋ አረንጓዴው ብርድ ልብስሽ ላይ ተደላድላ ተቀምጣ ጥልፉን በጥፍሯ ጫር ጫር አደረገች። ስኒዎቹን ገልብጣ ቂጣቸውን አየች። ከዚያ ሳጥኑስ የት አለ አለች። አፌን ልከፍት ስል አባትሽ ከጋዜጣው ጀርባ፣ "ጊልጊት ሳይደርስ አይቀርም" አለ።

በአራት ቀን ውስጥ ከአፉ የወጣው የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው።

ጠየቀችው፤ እሱም አንድም ሳያስቀር ነገራት፤ ለሁለት መቆረጡን፣ ከነቀይ ሞተርሽ መሄዱን፣ ብቻሽን መሆንሽን። ሴትዮዋ ወደኔ ዞራ ፈገግ አለች። "እህት ሱግራን፣ እኛ ሞተሯን ሸጣ ትግባ ነበር ያልነው። ዕቃዋን ከኋላዋ ጭና የወጣች ልጅ ደግሞ የትኛው ወንድ ቤት እንደምታወርደው ማን ያውቃል?"

ሙነዛ፣ ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ አፍሽን ያዢ ብዬ ያሳደግሁሽ እኔ ነኝ። ለትልቅ ሰው መልስ አይሰጥም ብዬ በጥፊ ያልኩሽም እኔ ነኝ። "የተቀመጥሽበት የልጄ ነው፣ ተነሺልኝ" አልኳት። ተነሳች። ብርድ ልብሱን አራግፌ አጠፍኩት። ጣፋጩን ሳይነኩት ወጡ፤ ቅዳሜ ቀለበቱን እንድንመልስ ሰው ላኩ። እልል በይ እንግዲህ። አንቺ ተራራ ላይ ነፋስ ስትቀበይ ጠቡን የተጣላሁት እኔ ነኝ። ያንቺን ጠብ አንቺው መጣላት ነበረብሽ። ስኒዎቹን እንደገና አንድ በአንድ በጋዜጣ ጠቀለልኳቸው። አባትሽ ሻይ አፍልቶ አመጣልኝ። ስኳር ረስቷል። ጠጣሁት።

እሁድ ጉልፋም ከላይ ተመለሰ። መንገድ ላይ ዳሱ ከተማ ሻይ ቤት አግኝቶሽ ነበር አይደል? ሲያወራው እየሳቀ ነው፦ የጣዎሱ አንገት በግራ፣ ጭራው በቀኝ፣ መሀሉ ላይ አንቺ፤ አውቶብሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ በመስኮት ተንጠልጥሎ ሲያይሽ። ከዚያ ሳቁን ቀነሰና፣ "አክስቴ፣ የግራው ሳጥን ግን አልወደድኩትም። ጉድጓድ በገባች ቁጥር ወደ ጎማው ይወዛወዛል፣ እንደ ጎሽ ዳሌ" አለኝ። እስከ ሐሙስ ጊልጊት ድልድዩ አጠገብ ባለው ማረፊያ ሆነሽ ሁለት ጓደኞችሽን እንደምትጠብቂ፣ ከዚያ ወደ ኹንጄራብ የተራራ ማለፊያ እንደምትወጪም ነገረኝ።

ጫማዬን እንዴት እንዳጠለቅሁ አላውቅም። ብየዳ ቤቱ ስደርስ ያቁብ አየኝና የብየዳ ጭምብሉን ከፊቱ አላነሳም፤ ብረት ለብሶ ሊደበቀኝ። አውልቀው አልኩት። ከዚያ በሥራው ሲመካ ብትሰሚው። ተደፍተሽ እንዳትነጂ መሪውን ሁለት ጣት ከፍ አድርጎልሻል፤ ሳጥኑ እንዳይጋርደው ፍሬቻውን ወደ ውጭ አውጥቷል፤ የጭስ መውጫው ማርሚታ በቀኝ በኩል ሽቅብ ስለሚወጣ የቀኙን ሳጥን ከግራው አጥብቦታል። ያዘዝሽው የአሉሚኒየም ላሜራ እስኪመጣ ታገሺ ቢልሽ እምቢ ብለሽ የኔን ሳጥን እያስጎተትሽ ሄድሽበት። ይህን ሁሉ ቀስ እያለ ነገረኝ። ወለሉ ላይ የሞተርሽን ጀርባ በጠመኔ እንደሳለው ነው፤ እዚያ ላይ ቆሜ ሰማሁት።

ያ ሞተር ለሩጫ የተሠራ ነው አለ። የጭራው ብረት ቢበዛ አንዲት ቀጭን ሴት ብትፈናጠጥበት ነው የሚችለው። የኔ ሳጥን ደግሞ ብረት ነው፤ ባዶውን እንኳ ያንገዳግዳል። በእሽቅድምድም ፈረስ ላይ የአህያ ጭነት ነው የጫንሽበት። ስለዚህ የግራውንና የቀኙን ማንጠልጠያ ከኋላ እርስ በርስ የሚያያይዝ አግዳሚ ብረት የግድ ነው። አለዚያ ሁለቱ ሳጥኖች ለየብቻ እየተወዛወዙ አንድ ቀን ጉድጓድ ላይ የጭራውን ብረት ከብየዳው ቀንጥሰው ከነሳጥኑ ጎማው ላይ ይጥሉታል። ከጎንሽ ደግሞ ገደል ነው።

"ታዲያ አግዳሚው የታለ?" አልኩት።

አንገቱን ደፋ። "እህቴ፣ ሠርቼላት ነበር። አስፈታችኝ። 'ወተት ሻጭ አስመሰልከኝ' አለችኝ።"

ወተት ሻጭ።

የኛ ወተት ሻጭ አላዲታ በዚያች በደቃቃ ሞተሩ ግራና ቀኝ ሁለት ሁለት ጋን አንጠልጥሎ ሃያ ዓመት በዚህ ሰፈር ጉድጓድ ላይ ሲመላለስ ጠብታ ሲያፈስ አይቼው አላውቅም። ለምን ይመስልሻል? ጀርባው ላይ ያንን አስቀያሚ አግዳሚ ብረት ስላሰረ። ስሙን መጻፍ አይችልም። አንቺ የማራገቢያ ፋብሪካ ቢሮ ተቀጥረሽ፣ በደመወዝሽ ሞተር ገዝተሽ፣ ለእይታ ብለሽ ነፍስሽን በአራት ቡሎን አንጠለጠልሻት። ሰው ምን ይለኛል ስል ዕድሜ ልክሽን ስትስቂብኝ ኖረሻል። "አሚ፣ ሰው ሰው ትያለሽ፣ ሰው መጥቶ አያጎርስሽም" ትዪኝ ነበር። ይኸው አንቺም ያው ሰው ምን ይለኛል ነሽ። እኔ ቢያንስ የሰው አፍ ፈርቼ ገደል አልገባሁም።

ሰኞ ጠዋት አላዲታ ወተት ሊሰፍር ሲመጣ ከነሞተሩ ጎትቼ ያቁብ ዘንድ ወሰድኩት። ያቁብ የሱን አግዳሚ አየ፣ የጠመኔውን ስዕል ለካ፣ ያንቺን ከሱ አወፍሮ ሠራው። ሰፈሩ ያለ ወተት እስከ አምስት ሰዓት ጠበቀ፤ በሺራን ከአልጋዋ ሆና ሰደበችኝ። አላዲታ ብረቱን ዞር ዞር ብሎ አይቶ፣ "አሁን ለሙነዛ የጎደላት አንዲት የምትታለብ ጎሽ ብቻ ናት" አለ። ሲስቅ አራት ጥርስ እንደጎደለው አየሁ፤ ሞተሩ ላይ ካሉት ቡሎኖች ግን አንድም አልጎደለም።

እንግዲህ ስሚ። ቡሎኖቹ ከብረቱ ጋር በጨርቅ ታስረዋል፣ ስድስት ናቸው፣ ሁለቱ መጠባበቂያ። የሚገጥመው ከታርጋው በላይ፣ ያቁብ ቀድሞ በበሳቸው ቀዳዳዎች ነው። ሃምሳ ኪሎሜትር ከሄድሽ በኋላ ወርደሽ እንደገና አጥብቂያቸው። ከባድ ዕቃ ከታች፣ ወደ ኮርቻው ጠጋ አድርገሽ አስቀምጪ፤ ግራና ቀኙ እኩል ይክበድ። በቀኝ ሳጥን በማርሚታው በኩል ልብስ አታስጠጊ፣ ይለበልበዋል ብሏል። ስትጨርሺ በሁለት እጅሽ ይዘሽ ነቅንቂው። ከተነቃነቀ አትሄጂም። ሐሙስ ካልደረሰልሽ አርብ ነው፤ ጓደኞችሽ ይጠብቁ። ካልጠበቁ ጓደኛ አይደሉም።

ብረቱን የጠቀለልኩበት ብርድ ልብስ ያው ሴትዮዋ የተቀመጠችበት ነው። አጥቤዋለሁ። ማለፊያው ላይ በዚህ ወር በረዶ ይጥላል ይላሉ። እውነት መሆኑን፣ ሰማዩ ምን እንደሚመስል፣ እዚያ ላይ ትንፋሽ ያጥራል ወይ፣ ሁሉን ጽፈሽ ላኪልኝ። ለሌላ አይደለም፤ ብርድ ልብሱ ይበቃሽ እንደሆነ ለማወቅ ነው። እኔ ተድሬ ስመጣ የራሴ የሙሽራ ሳጥን ከሲያልኮት እዚህ ድረስ በአውቶብስ ጣራ መጣ፤ ይኸው ሠላሳ ዓመቱ፣ ለመጥረግ እንኳ አላነሳሁትም።

ቁጣዬ አላለቀም፤ ወረቀቱ ነው ያለቀው። አላህ ከናዳ፣ ከጉድጓድና ከገዛ ግትርነትሽ ይሰውርሽ። መንገዱ ፊቱን አያዙርብሽ። የሄድሽበት እግር ይመልስሽ።

ጉልፋም አሁን በር ላይ ቆሟል፣ አውቶብሱ ከአሥር ሰዓት ሶላት በኋላ ይነሳል። ጥቅሉን በእጁ መዘን አድርጎ፣ "አክስቴ፣ በየኬላው ፖሊስ ያስፈታኛል፣ ይህ ምንድን ነው ልበል?" አለኝ። አባትሽ ጋዜጣውን ዝቅ አድርጎ ሊመልስለት አፉን ከፈተ። ቀደምኩት።

"የልጄ የጎጆ መውጫ ነው በላቸው" አልኩት።

እናትሽ
ሱግራን