የገመቹ ኮዳ

የካቲት 28፣ ማታ

በብስክሌት ጊንጪ ደርሶ መልስ። ነፋሱ ፊት ለፊት። እኔ ከፊት፣ ገመቹ ጀርባዬ ላይ ተከልሎ። ሥራዬ ይኸው ነው፤ ነፋስ መከለልና ኮዳ ማቀበል። በሠላሳ ስምንት ዓመቴ ክለቡ የሚከፍለኝ ለዚህ ነው። ጉልበቴ አብጧል። በሙቅ ውሃ አሸሁት። ደብተሬ፣ ሌላ ወሬ የለኝም።

መጋቢት 3

ገመቹ ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማል። ከጠዋት ጀምሮ ሲነዳ ውሎ እንኳ አይቀምስም። ጉንጩ ገብቷል። አሠልጣኛችን ኦቦ ለሜሳ ለመነው፣ ተቆጣው፤ አልሆነም። በመጨረሻ ኦቦ ለሜሳ ራሱ የገመቹ ንስሐ አባት ዘንድ ሄደ። ለመንገደኛ ይፈቀዳል ሲባል ሰምቶ፣ ገመቹ መንገደኛ ነው አላቸው። ወዴት ነው የሚሄደው ብለው ጠየቁት። ጊንጪ ደርሶ ይመለሳል አለ። ቄሱ ሳቁበት። ቅዳሜና እሑድ ጠዋት ይብላ፣ የጾም ይሁን እንጂ ብለው ሸኙት።

መጋቢት 12

ኦቦ ለሜሳ ለብቻዬ ጠራኝ። ከውጭ የመጣ ጉልበት የሚሰጥ ዱቄት ይዟል። ወተት አለበት። እሑድ ውድድር ነው፤ በኮዳው በጥብጬ ለገመቹ ሳልነግረው እንድሰጠው ነው የፈለገው። ገመቹ ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ካልገባ ለብሔራዊ ቡድን አይጠራም። ካንተ እጅ ሳያይ ነው የሚጠጣው አለኝ። እውነት ነው፣ አያይም። ዱቄቱን ይዤ ወጣሁ። ደክሞኛል።

መጋቢት 15፣ ከውድድሩ መልስ

ከጊንጪ ተነሥተን፣ አምቦን አልፈን፣ ጉደርን አልፈን፣ የጌዶ ዳገት። ከፊት ስድስት ቀርተናል። ገመቹ ሳይዞር እጁን ዘረጋ። ሁለት ኮዳ አለኝ። አንዱ ወተት፣ አንዱ የራሴ ስኳር ውሃ። የራሴን ሰጠሁት። ቆይቶ ጉሮሮዬ ደረቀ። የቀረው ወተቱ ነው። ጠጣሁት። እኔ ጾሙን እንደነገሩ ነው የምይዘው፤ ቢሆንም አልጣፈጠኝም።

ገመቹን መጨረሻው ላይ ጉልበቱ ከዳው። አምስተኛ። እኔ ዘግይቼ ገባሁ። መንገድ ዳር የቆሙ ባጃጅ ነጂዎች፣ አባባ እንጎትትህ ወይ አሉኝ።

ኦቦ ለሜሳ ጠጣ ወይ አለኝ። እኔ ጠጣሁት አልኩት። ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ።

«ላንተ ነው እንዴ የገዛሁት?»

መጋቢት 18

የፊታችን እሑድ የመጨረሻው ዕድል። ኮዳውን የቡድናችን ልጅ ቶሎሳ ያቀብላል ተባለ። ቶሎሳ ውሉ እንዲታደስለት ይፈልጋል። እንቢ አይልም። እኔ ነፋስ ብቻ።

ጠዋት ሙሉ ይህንኑ ሳስብ ነዳሁ። ጠጥቶ ቢያሸንፍስ? ለብሔራዊ ቡድን ይመረጣል፣ አውሮፕላን ይሳፈራል፣ ምንም ሳያውቅ ይኖራል። ማን ተጎዳ? እስከ ደንዲ ይኸው ጥያቄ። ከደንዲ መልስም።

መጋቢት 20

የዱቄቱን ነገር ለገመቹ ነገርኩት። ጎማ እየነፋ ነበር። ፓምፑን ይዞ ቆመ።

«የእሑዱን ማን ጠጣው ታዲያ?»

«እኔ።»

«በሁዳዴ?»

«በሁዳዴ።»

ሳቀ። ጾም ከገባ ጥርሱን ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው አለኝ። ካለፈው ሳምንት አልኩት። ሳቁን አቆመ። ጎማውን ነፍቶ ጨረሰና ኦቦ ለሜሳ ቢሮ ገባ። ጩኸት አልሰማሁም። ሲወጣ፣ እሑድ እንደሚወዳደር ነገረኝ። ኮዳውን ራሱ ይሞላል፤ ከማንም እጅ አይቀበልም።

«ካንተም ጭምር፣ ጋሼ። አትቀየመኝ።»

አልተቀየምኩም። ሳምንት ሙሉ አፌን ዘግቼ ከፊቱ ስነዳ ነበር።

እሑድ ለመጨረሻ ጊዜ እስከ ጉደር ነፋሱን እከልልለታለሁ። ሰኞ፣ ማንም ሳያባርረኝ፣ ብስክሌቱን አጥቤ ለክለቡ አስረክባለሁ።