ከወንድሜ በፊት የምቀምሰው ወጥ

ኅዳር 11 ቀን 1972 ዓ.ም.፣ አሰላ

ጠዋት ለእህል ሱቄ ስምንት ኩንታል ገብስ መጣ፤ ሁለቱ እርጥብ ስለነበረ መለስኩት።

ከዚያ ለታናሽ ወንድሜ ለግርማ ምሳ ይዤ ወህኒ ቤት ሄድኩ። ከታሰረ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ከክረምት ወዲህ አእምሮው ታውኮ ምግብ ሁሉ መርዝ ይመስለዋል፤ ፊት ለፊቱ ቀምሼ ካላሳየሁት አይበላም። አዲስ አበባ ሐኪም ዘንድ ይወሰድልኝ ብዬ ሦስት ጊዜ አመለከትኩ፤ የፖለቲካ እስረኛ አይወጣም አሉኝ። የወህኒ ቤቱ ድሬሰር አዝኖልኝ ለአእምሮው የሚሆን ክኒን ሰጠኝ። ዛሬ ፈጭቼ ወጡ ውስጥ ጨመርኩት።

«ጋሼ፣ ከዚህ በኩል ቅመስ» አለኝ ግርማ። የምቀምስበትን ቦታ የሚመርጠው እሱ ነው።

ጎረስኩ።

«ድገም።»

ደገምኩ። አፌን ከፍቼ አሳየሁት።

«ነጋዴ ኪሳራ አይውጥም» ብሎ ሳቀና ሳህኑን ጠርጎ በላ።

ከሰዓት ሱቅ ውስጥ እንደተቀመጥኩ እንቅልፍ ወሰደኝ፤ ደንበኛ ነው የቀሰቀሰኝ። ክኒኑ አሁንም እጄን አክብዶታል። ድሬሰሩ፣ ግርማ በየቀኑ ካልወሰደው አይጠቅመውም፣ ለውጡም የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ነው ብሏል። ግርማ ያወቀብኝ ቀን ግን ከማን እጅ ይበላል?

ነገ የአጎቴን ልጅ ታደሰን ከሰዓት ከሰዓት ሱቁን እንዲይዝልኝ እጠይቀዋለሁ።