ብስክሌቴን የምትሸፍኚበት አንሶላ

ናዲፋ እህቴ፣

እንግዳ በመጣ ቁጥር ብስክሌቴን አበባ ባለው አንሶላሽ ትሸፍኚብኛለሽ። ስንት ዓመት ዝም አልኩሽ! የዚህ ቤት ሴት ብስክሌት እንደምትነዳ ሰው እንዳያውቅ ነው። የሌባ ዕቃ አስመሰልሽው እኮ፣ አቦ!

ውሃ ዛሬ ይመጣል፣ በርሜሉን ሙዪ።
የግቢው ቁልፍ ጎረቤታችን ኸባብ ሱቅ ነው።

እኔ ቱርክ ሄጃለሁ። ለዚያ ዋናም ብስክሌትም ሩጫም በአንድ ቀን ለሚባለው ረጅም ውድድር ነው። ስነግርሽ «ዋናውን የት ተማርሽ፣ ደረቁ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ?» ብለሽ ሳቅሽብኝ። ሆቴል ገንዳ ነው የተማርኩት፣ ለሴቶች ብቻ በሚሆንበት ቀን፣ ልብሴን እንደለበስኩ። ቪዛውንም ትኬቱንም የጨረሰችልኝ ልጅሽ ኢዲል ናት። እሷን እንዳትቆጪያት። ስመለስ እኔን ተቆጪ።

መጨረሻ ብወጣም እጨርሰዋለሁ፣ ወላሂ።

ወጥ ሠርቼልሻለሁ። ለግፊትሽ ብዬ ጨው ቀንሻለሁ።

ብስክሌቱ ተፈታቶ ካልታሸገ አውሮፕላን ላይ አይጫንም አሉ። እንዳይጫርብኝ በዚያው አንሶላሽ ጠቅልዬ ካርቶን ውስጥ ከተትኩት። ሳልጠይቅሽ ነው የወሰድኩት፣ አውፍ በይኝ።

እዚያ ስደርስ ግን ሰው ሁሉ እያየ እገልጠዋለሁ።

በድሪያ